ለቤተሰብ ዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ያገለገለ ጀልባ ስለ መግዛት

ኮልፌ ሐይቅ የሌለበት ሰፈር ስለ ሆነ፥ ስለ ጀልባ ለኮልፌ ልጆች ማስተማር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከሚኖሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በሐይቅ ዳር ዘመድ አላቸው፤ ገንዘብ ያጠራቀመ ልጅ ወይም ወንድምም ለዘመዶቹ የኑሮ መሣሪያ ለመግዛት ማሰቡ የተለመደ ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ግን በደጋ ያደገ፥ ውኃን ከምንጭና ከወንዝ በቀር የማያውቅ ሰው ሲሆን፥ ሻጩ ያደሰውን ቀለም ብቻ ዓይቶ ይገዛል። ቀለሙ የሸሸገው ጉድለት የሚገለጠውም ሕፃናት ተሳፍረው፥ ጀልባው ከዳር ከራቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት የተጻፈው፥ መምህራን በሒሳብና በተፈጥሮ ትምህርት ሰዓት እንዲያስተምሩበት፥ ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎችም በሽያጭ ውል ላይ እማኝ ሆነው ሲቀመጡ እንዲመለከቱት ነው።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ቆዳው ስላማረ ብቻ አይገዛም፤ ጥርሱን ያያል፥ ያስኬደዋል፥ ቢፈቀድለትም ጠምዶ ይሞክረዋል። ጀልባን በየብስ ላይ ብቻ ዓይቶ የሚገዛ ሰውም ቆዳውን ገዛ እንጂ በሬውን አልገዛም። ጀልባ የሚመዘነው በውኃ ላይ፥ ከነጭነቱ ነው።

1ኛ፤ አስቀድሞ ውኃውን ስለ ማወቅ

ጀልባ ከመፈለግ በፊት ጀልባው የሚሠራበትን ውኃ መለየት ይገባል። ለኮልፌ ቅርብ የሆነው ሰፊ ውኃ በአምቦ መንገድ የሚገኘው ገፈርሳ ነው፤ ነገር ግን ለከተማው የመጠጥ ውኃ የተከማቸበት ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይታሰብም። ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፥ ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ ከተማ አጠገብ የዝዋይ ወይም የደንበል ሐይቅ ይገኛል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ በአማካይ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም። ጣና ደግሞ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራው ግን 14 ሜትር ያህል ነው።

ውኃው ጥልቅ ካልሆነ አደጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ በመታው ጊዜ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውም ማዕበል ዝቅ ባለ ጀልባ ውስጥ ፈጥኖ ይገባል። ማለዳ ውኃው ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል። ስለዚህ ጀልባን ማለዳ ብቻ ሞክሮ መግዛት ግማሽ ፈተና ነው። ደግሞም በጣና፥ በዝዋይ፥ በሐዋሳና በጫሞ ጉማሬ ስላለ፥ የአገሩን ዓሣ አጥማጆች ጉማሬው የሚውልበትን ስፍራ ሳይጠይቁ ወደ ሐይቁ መግባት አይገባም።

2ኛ፤ ስለ ጀልባ ዓይነቶች

በጣና ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው፤ በዚህም ሥራ የነገደ ወይጦ ተወላጆች የታወቁ ናቸው። ታንኳ ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ እየወጣ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ጥቂት ወራት ካገለገለም በኋላ ይከብዳል፥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ያገለገለ ታንኳ አይገዛም፤ የሚያስፈልገው ሰው አዲስ ያሳስር።

ካገለገለ በኋላ ሊገዛ የሚገባው ከሳንቃ፥ ከብረት ወይም ፋይበርግላስ ከሚባለው ነገር የተሠራው ጀልባ ነው። ሳንቃው በአገር አናጢ ይጠገናል፤ ነገር ግን ይበሰብሳል። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ይዝጋል፥ ውኃ ከሞላውም ይሰጥማል። ፋይበርግላስ አይበሰብስም፥ አይዝግምም፤ በተሰነጠቀ ጊዜ ግን የሚጠግነው ባለሙያ በቅርብ አይገኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ቤተሰብ፥ በሐይቁ ዳር ጠጋኝ ያለውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል።

3ኛ፤ በየብስ ላይ ስለ መመርመር

በኮልፌ አጠና ተራ አጠና የሚገዛ ሰው እንጨቱን በእጁ አንሥቶ ክብደቱን ይገምታል፥ ጫፉን ያያል፥ በዱላም መትቶ ድምፁን ይሰማል። ደኅና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ይህ ዕውቀት ለጀልባም ይጠቅማል። ጀልባው ተገልብጦ ሳንቃው ከፊት እስከ ኋላ እየተመታ ይሰማ። የታፈነ ድምፅ በተሰማበት ስፍራ የቢላዋ ጫፍ ይጫን፤ ቢላዋው እንደ ቅቤ ከገባ ሳንቃው የሞተ ነው። ይልቁንም የዝናብ ውኃ የሚተኛበት የወለሉ ሥርና ሞተር የሚታሰርበት የኋላው ሳንቃ በጥንቃቄ ይታዩ። በምስማሮቹ ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሮ ከተገኘ፥ ምስማሩ ዝጎ መያዣው ላልቷል ማለት ነው።

በብረት ጀልባ ላይ ቀለሙ ያበጠበት ስፍራ ሁሉ ይፋቅ፤ ከሥሩ ዝገት አለና። ፋይበርግላስም በእጅ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ፥ ወይም ቆዳው ውኃ እንደ ቋጠረ ቁስል ካበጠ፥ ውኃ ወደ ውስጡ ገብቷል። አዲስ ቀለም በአንድ ስፍራ ብቻ ተቀብቶ ከታየ ምክንያቱ ይጠየቅ።

4ኛ፤ በውኃ ላይ ስለ መመዘን

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በሲራኩስ ከተማ የነበረው አርኪሜዴስ የተባለ የግሪክ ሊቅ፥ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ከራሱ ክብደት ጋር ትክክል የሆነ ውኃ ከስፍራው እንደሚያስለቅቅ አስተማረ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ጀልባ ጭነት በተጨመረበት መጠን ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደሚወርድም በሒሳብ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

ምሳሌ። የጀልባው ርዝመት 4 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እንደ ሣጥን ቢሆን ኖሮ ስፋቱ 4.80 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ለመውረድም 48 ኪሎ ይፈልጋል። ነገር ግን የጀልባ ፊት ሹል ስለ ሆነ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ብቻ እንወስዳለን፤ ይኸውም 32 ኪሎ ነው። እንግዲህ ይህ ጀልባ በየ32 ኪሎው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል።

አባትና እናት 130 ኪሎ፥ ሁለት ልጆች 70 ኪሎ፥ መረብና መልሕቅ መቅዘፊያም 40 ኪሎ፥ ሞተር ከነነዳጁ 50 ኪሎ፥ የተያዘው ዓሣ 30 ኪሎ ቢሆን፥ ድምሩ 320 ኪሎ ነው። ጀልባው 10 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ባዶውን ሳለ ጠርዙ ከውኃው በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ከነበረ፥ አሁን 30 ይቀራል። ለትንሽ ጀልባ ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች እንዲቀር መፍቀድ አይገባም። እንግዲህ አምስት ጐረቤቶች እኛንም አሳፍሩን ቢሉ፥ 325 ኪሎ ተጨምሮ ጠርዙ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይሉኝታ ሒሳቡን አይለውጠውም፤ ስለዚህ ባለ ጀልባው እንቢ ማለትን ይልመድ።

ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ ጀልባው ራሱ ይጠየቅ። በዳር አጠገብ፥ ጕልበት በሚደርስ ውኃ ላይ፥ ስድስት ጆንያ አሸዋ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ሆኖ ይጫንበት፤ የውኃውም ልክ በውጭው ሳንቃ ላይ በከሰል ይመልከት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምልክቱ ከሰጠመ፥ በጀልባውም ውስጥ ውኃ ከተገኘ፥ ውኃው በታወቀ ጣሳ እየተለካ ይቀዳ። ከዚያም ሁለት ሰዎች በአንድ ወገን ይቀመጡና ጀልባው ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይታይ። ወደ ውስጥ የገባ ውኃ ሁልጊዜ ወደ ዘነበለው ወገን ስለሚሮጥ፥ ተመሳሳይ ክብደት ካለው ጆንያ ይልቅ አደገኛ ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ብዙ ጊዜ በየብስ ላይ የቆየ የሳንቃ ጀልባ ስለሚደርቅ በመጀመሪያው ቀን ያፈስሳል፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግን ስንጥቁ ይዘጋል። ሻጩም ይህን ምክንያት ያቀርባል፤ ምክንያቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን፥ እንግዲያውስ እስኪያብጥ እቆያለሁ ብሎ ጀልባው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በውኃ ላይ እንዲያድር ያድርግ፤ ፈተናውን በማግሥቱ ይፈጽም። ከዚያ በኋላ የሚያፈስስ ጀልባ ድርቀት ሳይሆን ሕመም አለበት።

5ኛ፤ ስለ ሞተር

ሞተር በአዲስ አበባ የሚገዛ ሰው በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ያስነሣው፤ ያለ ውኃ ቢያስነሣው ውኃ የሚስበው ክፍል ይቃጠላል። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የማያቋርጥ የውኃ ክር ሊወጣ ይገባል፤ ካልወጣ ማቀዝቀዣው ተዘግቷል። በታችኛው ማርሽ ያለው ዘይት ሲቀዳ ወተት ከመሰለ፥ ውኃ ገብቶበታል።

ከፍታም ኃይል ይቀንሳል። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ለባሕር ጠረፍ የተሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ 10 እጅ ያህል ኃይሉን ያጣል። ዝዋይ ከ1,600 ሜትር በላይ፥ ጣናም 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው፥ በስሙ የ15 ፈረስ ጕልበት የሆነ ሞተር በዚያ 12 ወይም 13 ብቻ ይሰጣል። ሞተር ቢኖርም ሁለት መቅዘፊያ ከጀልባው መለየት የለበትም።

6ኛ፤ ስለ ዋጋና ስለ ውል

ገዢው ያለውን ገንዘብ በሦስት ይክፈል፤ ሁለቱን እጅ ለጀልባው፥ አንዱን እጅ ለጥገናና ለመንሳፈፊያ ዕቃ ያድርግ። ገንዘቡን ሁሉ በጀልባው ላይ የጨረሰ ሰው የሚቆጥበው ከልጆቹ ደኅንነት ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የጀልባው ርዝመትና ወርድ፥ የሞተሩ ቁጥር፥ የታየው ጉድለት፥ የተደረገው ፈተናና ውጤቱ ይጻፉ፤ ሻጩም ባለቤት መሆኑን የሚያውቁ የሐይቁ ዳር ሰዎች እማኝ ይሁኑ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ስለ ተሸሸገ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ገዢውንም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ያዘዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ጀልባው በውኃ ላይ ከነጭነቱ መፈተኑን ሳያረጋግጡ በእማኝነት እንዳይፈርሙ አደራ ይባላሉ። ፊርማቸው የገንዘብ ምስክር ብቻ ሳይሆን የነፍስም ምስክር ነውና።

7ኛ፤ ስለ ሰው ነፍስና ስለ ዓሣው

ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይኑር፤ ልጆችም ከዳር ሳይነሡ ይልበሱት። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጄሪካን 19 ኪሎ ያህል ስለሚያነሣ፥ ጄሪካኖች ከመቀመጫው ሥር አጥብቀው ቢታሰሩ፥ ውኃ የሞላው ጀልባ እንዳይሰጥም ይረዳሉ። ይህ ግን የጃኬት ምትክ አይደለም።

ጀልባ የገዛ ቤተሰብ ሐይቁን አልገዛም። በጣና የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲገቡ የሚያዘው ዓሣ በዛ፤ ነገር ግን በክረምት ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች እየወጡ የሚራቡት የነጭ ዓሣ ወገኖች በወንዞቹ አፍ በመረብ ስለ ተያዙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እጅግ አነሱ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ቤተሰቡም ከመጀመሩ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ በመራቢያም ወራት ከወንዝ አፍ ይራቅ።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ያገለገለ ጀልባ መግዛት ሲቻል ያገለገለ ታንኳ የማይገዛው ስለ ምንድር ነው?
2. ርዝመቱ 5 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ጀልባ አንድ ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ስንት ኪሎ ይፈልጋል? ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ መውሰድን አትርሱ።
3. ይህ ጀልባ ባዶውን ሳለ ጠርዙ ከውኃ በላይ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። 400 ኪሎ ቢጫንበት ስንት ይቀራል? 150 ኪሎ ቢጨመርበትስ ባለቤቱ ይፍቀድ ወይስ ይከልክል?
4. ሻጩ፥ እንጨቱ ሲያብጥ ይዘጋል ቢል ገዢው ምን ይመልስ?
5. በጀልባ ውስጥ ያለ 50 ሊትር ውኃ ከ50 ኪሎ ጆንያ ይልቅ የሚያሰጋው ለምንድር ነው? በገበቴ ውኃ ሞክራችሁ አስረዱ።