ስለ ሲኒማና ስለ አርሲ ልጆች ሩጫ

ሲኒማ ማለት በጨለማ ቤት ውስጥ፥ በነጭ መጋረጃ ላይ፥ በብርሃን የሚታይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ግን በእውነት አይንቀሳቀስም። በአንዲት ሴኮንድ 24 ሥዕሎች ተከታትለው ስለሚያልፉ ዓይን አንዱን ከሌላው መለየት ይሳነዋል፤ ስለዚህም እንደ ሕያው ነገር ያየዋል። ይህ ብልሃት ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ምክንያቱን ስላላወቀ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ስሙ ከፍርሃት የመጣ ቢሆንም ፈጽሞ የሞኝነት አልነበረም፤ ዓይን ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ የሚያይበት ቤት ጥንቃቄን ይሻልና።

ሕፃን ከሽማግሌ ይልቅ ያየውን በቶሎ ያምናል። የአርሲ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ይናገራል፤ ከውጭ አገር የሚመጣው ሲኒማ ግን በእንግሊዝኛ ወይም በህንድኛ ይናገራል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ትናንሽ ከተሞች ቪዲዮ ቤት የሚባል ነበረ፤ በአንድ ጠባብ ክፍል አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፥ ጥቂት ሳንቲም የከፈለ ሁሉ ገብቶ ያይ ነበር። እንግሊዝኛ ጥቂት የሚያውቅ ልጅ ለጓደኞቹ ይተረጉማል፤ ያልሰማውንም ከራሱ ጨምሮ ይሞላዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መተርጎም አያስፈልግም ነበር፤ ቡጢና ጥይት አስተርጓሚ አይሹምና። ልጆችም ከዚያ ወጥተው በመንገድ የሚጫወቱት ያንኑ ነበር።

ነገር ግን አስተርጓሚ የማይሻ ደግ ነገርም አለ። ቻርሊ ቻፕሊን በ1913 ዓ.ም. ያወጣው «ልጁ» የተባለው ሲኒማ ድምፅ የለውም፤ አንድ ድኻ የተጣለ ሕፃን አንሥቶ ሲያሳድግ ያሳያል። አልቤር ላሞሪስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1948 ዓ.ም. ያሳየው «ቀዩ ፊኛ» ርዝመቱ 34 ደቂቃ ሲሆን እምብዛም ንግግር የለበትም፤ በፓሪስ መንገድ ላይ ልጅን እንደ ታማኝ ውሻ የሚከተል ፊኛ ይታይበታል። ከሁለቱ ይልቅ ለአርሲ ልጅ የሚቀርበው ግን ከኢራን የመጣው ነው።

ይህ ሲኒማ ማጂድ ማጂዲ በ1989 ዓ.ም. ያወጣው «የሰማይ ልጆች» ነው። ዓሊ የተባለ የድኻ ልጅ የእኅቱን የዛህራን ጫማ አስጠግኖ ሲመለስ ድንች ሊገዛ ወደ ሱቅ ገብቶ ሳለ ጫማው ይጠፋበታል። አባታቸው ሌላ ጫማ የሚገዙበት ገንዘብ እንደሌላቸው ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነገሩን ሰውረው በአንድ ጥንድ ጫማ ይማራሉ። እርስዋ በማለዳ ተጫምታ ትሄዳለች፤ ትምህርቷ ሲያልቅ እየሮጠች ትመለሳለች፤ እርሱም በመንገድ ተቀብሏት እየሮጠ ይሄዳል፥ ስለ ዘገየም ይገሠጻል። ኋላ የተማሪዎች ሩጫ ይደረጋል፤ ሦስተኛ ለሚወጣው ከሽልማቱ መካከል ጫማ ይገኝበታል። ዓሊ ሦስተኛ ሊወጣ ብሎ ይሮጣል፤ ነገር ግን አንደኛ ይወጣል። ሌላው ሰው ደስ ሲለው እርሱ ፊቱን ወደ ምድር ያቀረቅራል። ይህን ለመረዳት የፋርስ ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም። በክረምት ጭቃ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የተሻገረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

የአርሲ ልጅ ራሱ በውጭ አገር ሲኒማ የታየበት ጊዜም አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለችው በአሰላ አጠገብ ተወለደ፤ ከዐሥር ልጆችም አንዱ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ይመለስ ነበር። መጻሕፍቱን በግራ ክንዱ ታቅፎ መሮጥ ስለ ለመደ፥ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ እንኳ ሲሮጥ ያ ክንዱ እንደ ታጠፈ ይቀር ነበር። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ ባገኘ ጊዜ ሕፃኑ ወሬውን በራዲዮ ሰማ። አባቱ ገበሬ ነበሩና ልጃቸው ጊዜውን በሩጫ እንዲያጠፋ አልወደዱም። ስለዚህ ሊነቀፉ አይገባም፤ እርሻ እጅ ይሻል፥ ሩጫም እንጀራ ሲሆን በዚያ ዘመን ያየ ገበሬ ጥቂት ነበር። ልጁ ግን አልተወም። ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ከተማ 10,000 ሜትር በ27 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ሮጦ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን ቀድሞ ወርቅ ተቀበለ።

እንግሊዛዊው ሌስሊ ዉድሄድ ይህን ታሪክ በሲኒማ አዘጋጀ፤ ዋልት ዲዝኒ የተባለው የአሜሪካ ማኅበርም በ1991 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳየው። የሲኒማው ስም በአማርኛ ቢተረጎም «ጽናት» ይሆናል። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ታየ፤ በልጅነቱ ታሪክ ውስጥም ዘመዶቹ ተካፋይ ሆኑ። የአርሲን ምድር በካርታ እንኳ አይተው የማያውቁ የባዕድ አገር ልጆች አንድ የገበሬ ልጅ በሜዳዋ ላይ ሲሮጥ ተመለከቱ።

መልካም ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ሲኒማ በባሕርዩ ሊያሳየው የማይችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዘመን ነው። የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሰዓት ከግማሽ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሲጠቃለል፥ በየቀኑ ያው ኮረብታ፥ ያው ብርድ፥ ያው ረኃብ መሆኑ አይታወቅም። ተመልካቹ ወርቁን ያያል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ግን በጥቂቱ ብቻ ይቀምሳል። በአትላንታ ሜዳው ጠንካራ ስለ ነበር የኃይሌ እግር ቆስሎ በ5,000 ሜትር ሩጫ ሳይሰለፍ መቅረቱን ከሚያውቁት ይልቅ ድሉን የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የኃይሌን ሲኒማ ብቻ ያየ ልጅ፥ መጻሕፍቱን ጥሎ መሮጥ ብቻ የሚበቃው ቢመስለው አያስደንቅም። ኃይሌን ሯጭ ያደረገው መንገድ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ እንደ ነበረ ማን ያስታውሰዋል?

ከአሰላ በስተደቡብ የምትገኘው በቆጂ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚያ ነው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሆነች። በዚያች ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ብዙ ልጆችን በማለዳ ሰብስበው አሠልጥነዋል። የሚሮጡት ብዙዎች ናቸው፤ የወርቁ ሜዳልያ ግን ለአንድ ውድድር አንድ ነው።

ጄሪ ሮትዌል የተባለው እንግሊዛዊ በ2004 ዓ.ም. ያወጣው «የሯጮች ከተማ» የሚናገረው ስለነዚህ ብዙዎች ነው። ሁለት የበቆጂ ልጃገረዶችን ሦስት ዓመት ያህል ተከትሎ፥ ከትምህርት ቤት ውድድር ተነሥተው ከቤታቸው ርቀው ወደ ማሠልጠኛ ሰፈር ሲሄዱ ያሳያል። በዚያም ተስፋ ያደረጉት ሁሉ አይፈጸምላቸውም። በመጨረሻው የዓለም ወርቅ የለም፤ ነገ ደግሞ በማለዳ መነሣት አለ። ለልጆች ሲኒማ የሚመርጥ መምህር ወይም ወላጅ ይህ ያሳዝናቸዋል ብሎ ሊሰውረው አይገባም። የኃይሌን ድል ባሳየበት ሳምንት፥ በዚያው መጋረጃ ላይ፥ የእነዚህን ልጃገረዶች ድካም ቢያሳይ ይሻላል፤ ከዚያም መብራቱን አብርቶ ልጆቹ ስላዩት ነገር በገዛ ቋንቋቸው እንዲነጋገሩ ይፍቀድ። በዚህ ሲኒማ ውስጥ ታሪኩን የሚተርከው ከሁለቱ ሯጮች አንዷ አይደለችም፤ በትንሽ ሱቅ እየሸጠ ጓደኞቹ ሮጠው ሲያልፉ የሚመለከት የከተማው ልጅ ነው።