አምባሰልን በሁለት ድምፅ



እዚህ ሐይቅ በልምምድ ላይ ሳለን በሁለት ድምፅ ለማዜም ሞከርን። ግማሾቻችን አንድ የአምባሰል ዜማ ያዝን፤ የቀረነው ያንኑ ዜማ በአምስተኛ ርቀት ዝቅ አድርገን ተከተልን። ክራር የሚደረድሩልን አባት እጃቸውን ከክሩ ላይ አንሥተው፣ «ልጆቼ፣ አምባሰልን የት ጣላችሁት?» አሉን።

ነገሩን ስንመረምር እውነታቸውን ነበር። በአካባቢያችን ስም የሚጠራው አምባሰል ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። ከዶ ብንነሣ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። ከሬ ፍላት በአምስተኛ ርቀት ብንወርድ ሶል ፍላትን፣ ከፋ ብንወርድ ሲ ፍላትን እናገኛለን። ሁለቱም የአምባሰል ድምፆች አይደሉም።

ስለዚህ ካውንተርፖይንትን ማጥናት ጀመርን። ይህም ራሳቸውን የቻሉ ዜማዎችን አስማምቶ አብሮ የማስኬድ ጥበብ ነው። ኦስትሪያዊው ዮሐን ዮሴፍ ፉክስ እ.ኤ.አ. በ1725 ባሳተመው መጽሐፍ በመምህርና በተማሪ ንግግር መልክ ደረጃ በደረጃ አስተምሮታል። ለጀማሪ የሚሆኑ ሦስት ሕጎች እነሆ፦

1. አንዱ ድምፅ ሲወጣ ሌላው መውረዱ ይመረጣል።
2. ሁለቱ በአምስተኛ ወይም በስምንተኛ ርቀት ተከታትለው አይሂዱ፤ ጆሮ እንደ አንድ ዜማ ይሰማቸዋልና።
3. ርቀታቸው በአብዛኛው ሦስተኛ ወይም ስድስተኛ ይሁን።

እኛም አራተኛ ጨመርን፦ ሁለተኛው ድምፅ ከቅኝቱ አይውጣ።

ምሳሌ፦
ላይኛው፦ ዶ – ሬ ፍላት – ፋ – ሬ ፍላት – ዶ
ታችኛው፦ ዶ – ፋ – ሬ ፍላት – ፋ – ዶ

ሁለቱም ከአንድ ዶ ይነሣሉ። ላይኛው ወደ ፋ ሲወጣ ታችኛው ወደ ሬ ፍላት ይወርዳል፤ ከዚያም ተመልሰው በዚያው ዶ ላይ ይገናኛሉ። ከቅኝቱ የወጣ አንድም ድምፅ የለም። ይህን ስናዜም አባታችን ክራራቸውን አንሥተው አጀቡን።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ለጥናት ብቻ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በአንድ ድምፅ የሚዜም በመሆኑ ሁለተኛ ድምፅ አንጨምርበትም።

ለመጪው እሑድ ሶልን ከቀሩት አራት ድምፆች ጋር አንድ በአንድ በክራር ሞክሩት። የሚስማማው ከዶ ጋር ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ዜማው ሶል ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ ጽፋችሁ አምጡ።