ወደ ዝቋላ የሚሄደው መኪና መቼ ይነሳል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሕዝብ ትራንስፖርት ዋግ ኽምራ ለመግባት፣ ከዚያም አልፎ ዝቋላ ወረዳ ለመድረስ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መኪናው በስንት ሰዓት ይነሳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው እስከ ወልድያ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ግን መኪና የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ ሰዓት መጠየቅ እምብዛም አይጠቅምም። የሚጠቅመው መኪናውን ማን እንደሚሞላው፣ በየትኛው ቀንና ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሞላ ማወቅ ነው። ይህን የተረዳ መንገደኛ ጉዞውን የሚያቅደው ከመድረሻው ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው። ለብዙ አዲስ አበቤ ዝቋላ ማለት ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ያለው፣ የአቦ ገዳም የሚገኝበት ተራራ ነው። እዚህ የምናወራለት ዝቋላ ግን ከሰቆጣ በስተምዕራብ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ ወረዳ ነው፤ ከተማው ጽጽቃ ይባላል። ስለዚህ አዲስ አበባ መናኸሪያ ገብቶ «ዝቋላ» ማለት ለስህተት ይዳርጋል። የሚጠራው ስም ሰቆጣ ነው። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ እንደመሆኗ ወደ ጽጽቃ ለሚወርድ ሰው መጋጠሚያው እሷ ናት።

ጉዞው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ከአዲስ አበባ ወልድያ ሲሆን 521 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ደሴ 401 ላይ ይገኛሉ። ትኬት ቀደም ብሎ ይቆረጣል፤ አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል። ማልዶ መነሳቱ ምክንያት አለው። ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ሌሊት እንዳይጓዝ ለረጅም ዘመን ሲከለከል ኖሯል። መንገዱም ቢሆን በብርሃን እንጂ በጨለማ የሚደፈር አይደለም፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማበር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የበሱትን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቆላ ነው፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ደሴ ዳገቱን ይያያዘዋል። በአንድ ቀን ብርድና ሙቀት ስለሚፈራረቁ ጋቢና የሚጠጣ ውሃ ሻንጣ ውስጥ አይቀበሩም፤ በእጅ ይያዛሉ። የዕቃ ሒሳብ ደግሞ ሻንጣው ጣራ ላይ ሳይወጣ ከረዳቱ ጋር ማለቅ አለበት። ከወጣ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው ረዳቱ ብቻ ነው።

ባቡር ይሻል ይሆናል የሚል ካለ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ 392 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ሐዲድ ግንባታው ቢጀመርም እስካሁን ለዚህ መንገደኛ አልደረሰለትም። ጉዞው በጎማ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከወልድያ ሰቆጣ ነው፤ እዚህ ሁለት በር አለ። አንደኛው በቆቦና በአላማጣ አልፎ የግራካሶን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ኮረም ከደረሰ በኋላ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ሁለተኛው ከወልድያ ወደ ጋሸና ወጥቶ፣ በላሊበላና በብልባላ በኩል ሰቆጣ ይገባል። ከባሕር ዳር ለሚመጣም በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት ጋሸና ደርሶ ይኸው የላሊበላ በር ይቀርበዋል። ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውን መንገድ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን በቻይናውያን እገዛ የተሠራ ነው። ሁለት በር መኖሩ ትርፍ ነገር እንዳልሆነ ጦርነት አሳይቷል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ከተቀሰቀሰ በኋላ የኮረሙ በር ሲዘጋ ሰውም እህልም በላሊበላ ዞሮ ነበር የሚገባው። ከ2015 ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ወልድያ ላይ ትኬት ከመቁረጥ በፊት «ዛሬ ከሰቆጣ የገባ መኪና አለ?» ብሎ ሹፌሮችን መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል። ከዚያ የገባ ሹፌር መንገዱን አይቶታል፤ ሊሄድ የተዘጋጀው ግን የሰማውን ነው የሚናገረው።

ሦስተኛው ክፍል ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃና ወደ ቀበሌዎቹ ነው። በርቀት ትንሹ ክፍል ይህ ነው፤ ቀን የሚበላውም እሱ ነው። ምክንያቱ ስሌት ነው። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ በ4 ሰው ቢነሳም ነዳጁ፣ ጎማውና የሹፌሩ ድካም ያው ነው። በዚያ ላይ ሹፌሩ የሚያስበው መሄዱን ብቻ አይደለም፤ ተመላሽ ከሌለ ባዶውን ይመጣል። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ተራ ይዞ ቁጭ ይላል። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ በአዘቦት ቀን አይመጣም። ሹፌሩ ሰው የለም ይላል፤ ሰውየው መኪና የለም ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ገበያ ነው። በገበያ ቀን ፍየል የሚሸጥ፣ ማር የሚያወርድ፣ ጨውና ዘይት የሚሸምት፣ ወረዳ ጉዳይ ያለው፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣል። እዚህ ላይ እንግዳ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የገበያውን ቀን ይጠይቃል እንጂ የማን ገበያ እንደሆነ አይጠይቅም። ገበያው የሰቆጣ ከሆነ ጠዋት መኪናው ሞልቶ የሚመጣው ከገጠር ወደ ሰቆጣ ነው፤ ወደ ዝቋላ የሚሞላው ገበያው ሲፈታ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ገበያው የጽጽቃ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጋዴው ሸቀጡን ይዞ ከሰቆጣ በማለዳ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ወደ ጽጽቃ የሚሄድ ሰው በሰቆጣ ገበያ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ በጽጽቃ ገበያ ዕለት ደግሞ ከንጋት በፊት መናኸሪያ መገኘት አለበት።

ሲሞላ የመነሳት ሕግ የዋግ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ ፔሩ ከሊማ ኩስኮ የሚሄደው አውቶቡስ የአንዲስን ተራሮች ለማቋረጥ 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እንደ አልጋ ስለሚሆን መንገደኛው ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፤ የመነሻ ሰዓቱም የታወቀ ነው። ከኩስኮ ወደ ገጠር ሲወጣ ግን ሚኒባስ ይጠብቀዋል፤ እሱም የሚነሳው ሲሞላ ነው። ትላልቅ ከተሞችን የሚያገናኝ መስመር በሰዓት ይሠራል፣ ወደ ገጠር የሚገባው በሰው ብዛት። ልዩነቱ እዚያ የአልጋ ኪራይ የሚያድነው የሌሊት ጉዞ እኛ ዘንድ አለመለመዱ ነው፤ ስለዚህ የእኛ መንገደኛ ደሴ ወይም ወልድያ ማደሪያውን ከበጀቱ ላይ ማስላት አለበት።

ወቅትም ስሌቱን ይለውጠዋል። በገና ሰሞን ላሊበላ በተሳላሚ ስለሚጥለቀለቅ በዚያ በር የሚገባ ሰው ወንበርም አልጋም ይወደድበታል። የዋጉ በዓል ሻደይ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሲከበር ደግሞ ሀገሬው ከየከተማው ይመለሳል፤ ጊዜው ክረምት በመሆኑ ጭቃውና ጎርፉ መኪናውን በሚያስቀርበት ሰሞን ነው ሰው የሚበዛው። ይህን በዓል ማየት የሚፈልግ ቀናት አስቀድሞ ሰቆጣ መግባት ይበጀዋል።

እንግዲህ ዕቅዱ እንዲህ ይወጣል። መጀመሪያ ሰቆጣ ወይም ጽጽቃ ያለ ሰው ጋ ተደውሎ የሁለቱ ከተሞች የገበያ ቀን ይጠየቃል። ከተመረጠው የገበያ ቀን አንድ ቀን ቀንሶ ሰቆጣ ማደር፣ ሌላ ቀን ቀንሶ ወልድያ ማደር፣ አንድ ቀን ደግሞ ለተዘጋ መንገድ መጠባበቂያ መያዝ፤ የቀረው የአዲስ አበባ መነሻ ቀን ነው። ለመጨረሻው ክፍል ኔትወርክ ስለማያስተማምን ዝርዝር ጥሬ ብር ይያዛል። ጽጽቃ ሲደርሱም ሻንጣ አውርዶ ከመለያየት በፊት ሹፌሩን «መቼ ትመለሳለህ?» ማለት ያስፈልጋል፤ የመመለሻው ስሌት ከዚያ መልስ ይጀምራል።