አንድ ፍላሽ፣ በርካታ ዊንዶውስ፤ ፈቃዱ ግን አንድ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው ሸቤ ባሉ የቡና ከተሞች፣ የአቅራቢ ነጋዴ ንብረት መኪናና መጋዘን ብቻ አይደለም። ለየትኛው ሰብሳቢ ስንት ብር በቅድሚያ እንደተሰጠ፣ ስንት ኬሻ ጀንፈል እንደገባ የሚያሳየው የሒሳብ መዝገብም ንብረት ነው። መዝገቡ በዊንዶውስ 7 በሚሠራ የቆየ ፒችትሪ ተይዞ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ በለቀማ ወቅት ቢበላሽ ኪሳራው ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል። በመሆኑም የመጫኛ ፍላሽን አስቀድሞ ማዘጋጀት የቴክኒሺያን ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጉዳይ ነው።

አሠራሩ

ጥቅምት 2002 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለው ዊንዶውስ 7 ሆም ቤዚክ፣ ሆም ፕሪሚየም፣ ፕሮፌሽናልና አልቲሜት በሚባሉ ደረጃዎች ተሽጧል። ይሁንና ዋናው ዲቪዲ ሁሉንም ደረጃዎች በአንድ ትልቅ ፋይል ይዟል። ምርጫውን በአንድ ደረጃ የሚገድበው «ሶርስስ» በተባለው ማኅደር ውስጥ ያለ «ኢአይ ነጥብ ሲኤፍጂ» የተሰኘ ትንሽ ፋይል ነው። ዲቪዲው ወደ ፍላሽ ተገልብጦ ይህ ፋይል ከፍላሹ ላይ ሲሰረዝ፣ በጭነት ጊዜ የደረጃዎቹ ዝርዝር ይወጣል። የ32 ቢትና የ64 ቢት ዲቪዲዎች የተለያዩ ስለሆኑ ለየብቻ ፍላሽ ማዘጋጀት ይቀላል።

ፈቃዱ

ዝርዝሩ ወጣ ማለት ፈቃድ ተገኘ ማለት አይደለም። ወሳኙ በኮምፒዩተሩ ላይ የተለጠፈው ባለ 25 ፊደልና አኃዝ ቁልፍ ነው። ሆም ፕሪሚየም የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ማሽን ላይ አልቲሜት ቢጫን፣ ቁልፉ አይቀበለውም፤ የ30 ቀን የሙከራ ጊዜ ሲያልፍም ማስጠንቀቂያው ይጀምራል። ያን ጊዜ «ክራክ» የሚባለውን መጠቀም ለማይታወቅ ሰው የካዝና ቁልፍ እንደመስጠት ይቆጠራል።

ጥንቃቄው

አንደኛ፣ ከመጫን በፊት መዝገቡ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ ይገልበጥ። አንዱ ከቢሮ ውጭ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ፍላሹ ከዋናው ዲቪዲ ይሠራ እንጂ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ቅጂ አይሁን። ሥራ ላይ በሌለ ማሽን ተሞክሮ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ለሌላ ሥራም አይዋል።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ትልቅ ማሻሻያ፣ ማለትም ሰርቪስ ፓክ 1፣ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው «ዋናክራይ» ፋይል ቆልፎ 300 ዶላር ሲጠይቅ፣ ከተጠቁት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ። መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ከአሮጌ ዲቪዲ እንደገና የተጫነ ማሽን ግን ይህን መከላከያ አያገኝም። ስለዚህ «ኬቢ 4012212» የተባለው ማሻሻያ አብሮ በፍላሹ ላይ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ ከመገናኘቱ በፊትም ይጫን።

አራተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የተገኙ ቀዳዳዎች በአብዛኛው ክፍት ናቸው። ማሽኑ ለሒሳብ ብቻ ይዋል፤ የባንክ ሥራና ኢሜይል በሌላ ይሠራ።

አሮጌው ኮምፒዩተር አዲስ ከመግዛት ያድናል። ቁጠባ የሚሆነው ግን መዝገቡ በሌላ ቦታ ቅጂ እስካለው ድረስ ነው።