የጎልፍ ምት ፍጥነቱ እንዲታይ አድርጎ ማንሳት

ጎልፍ ተጫዋችን በ1/2000 ሰከንድ ካነሱት ዱላውም፣ ኳሱም፣ የሸሚዙ እጥፋትም ጥርት ብለው ይወጣሉ። ችግሩ፣ ሰውየው እየመታ ይሁን ለፎቶ ብሎ ቆሞ አይለይም። ፍጥነቱን ማሳየት ከፈለጉ ዱላው መደብዘዝ፣ ፊቱ ደግሞ ጥርት ማለት አለበት። ጎልፍ ለዚህ ይመቻል፤ ጥሩ ተጫዋች ዱላውን ሲያወርድ ጭንቅላቱ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም።

1. ከተጫዋቹ ኋላ የሚታየውን ይምረጡ። ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚነካካው የሹተሩን ፍጥነት ነው፤ እኔ ግን የሥራው ግማሽ እዚህ ያልቃል ባይ ነኝ። ሹተሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ዱላው በእያንዳንዱ ቦታ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ በቀረው ጊዜ ካሜራው የሚያየው ከኋላ ያለውን ነው። ከኋላ ብሩህ ሰማይ ካለ ብርሃኑ ቀጭኑን ዘንግ ይውጠውና ሰውየው ባዶ እጁን የቆመ ይመስላል። ጥላ ያጠላባቸው ዛፎች ካሉ ግን ፀሐይ ያረፈችበት የብረት ዘንግ ደማቅ ቅስት ስሎ ያልፋል። የኤምአይቲው ሃሮልድ ኤጀርተን በ1938 ቶሎ ቶሎ በሚበራ ፍላሽ የጎልፍ ተጫዋቹን የዴንስሞር ሹትን ምት ሲያነሳም ከኋላ የነበረው ጥቁር ነው፤ የዱላው ዱካ አንድ በአንድ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ድራይቨር የሚባለው የረዥም ምት ዱላ ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ያለ ካርቦን ስለሆነ፣ ተጫዋቹ አይረን የሚባለውን ባለ ብረት ዘንግ ዱላ እንዲይዝ ይጠይቁት። ነጭ ጓንትም ይረዳል።

2. ከደረቱ ትይዩ ይቁሙ። ቅስቱ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከዚያ ነው። ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ በዱላው አንገት የተመታ ኳስ ወደ ጎን ይፈተለካል። ኳሱ ከሚሄድበት በተቃራኒ አቅጣጫ ትንሽ ፈቀቅ ብለው፣ ከ10 ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ በ100 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በረዘመ ሌንስ ያንሱ። ከራሱ በላይ ለዱላው የሚሆን ክፍት ቦታ ይተዉ።

3. ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ያቁሙ፣ የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉ፣ ፎከሱን ፊቱ ላይ አድርገው በማኑዋል ይቆልፉት።

4. ሹተሩን ከ1/30 ይጀምሩ። የአንድ አማተር ድራይቨር ጫፍ ኳሱን ሲመታ በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ1/1000 ሰከንድ ይህ 4 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ በ1/30 ግን ከ1 ሜትር ይበልጣል። በ1/15 ክንዶቹም መደብዘዝ ይጀምራሉ። ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሱ ጋ እስኪደርስ ሩብ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ 1/4 አወራረዱን በሙሉ ይይዛል፤ ዳሌና ጉልበቱ ግን አብረው ይጠፋሉ። እኔ ከ1/30 እስከ 1/15 ያለውን እመርጣለሁ፤ ተጫዋቹ ማን እንደሆነ አሁንም ይታወቃል።

5. ብርሃኑን ይቀንሱ። በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 16፣ ተገቢው ፍጥነት 1/125 አካባቢ ነው። ወደ 1/15 ለመውረድ ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ የሚያወርድ ኤንዲ 8 ፊልተር ይግጠሙ። ፊልተር ከሌለ ማለዳ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መሥራት ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው የሹተር ፍጥነት የሚያስተካክል መተግበሪያ ያስፈልገዋል፤ የአብዛኞቹ ስልኮች ሌንስ ቀዳዳ ስለማይጠብም ያለ ፊልተር ቀትር ላይ አይሳካለትም።

6. ዱላው ከላይ ደርሶ ወደ ታች ሊዞር ሲል ለአፍታ የቆመ ይመስላል። ያኔ ጣትዎን ተጭነው በተከታታይ ያንሱ። ከምቱ በፊት የሹተር ድምፅ ማሰማት በጎልፍ ነውር ስለሆነ ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ይጠቀሙ። ይህ ሹተር በፈጣን ፎቶ ላይ ዘንጉን የታጠፈ ያስመስለዋል፤ በዝግታ ሲያነሱ ግን ያን ያህል አይታወቅም። ውድድር ላይ ሳይሆን ልምምድ ሜዳ ላይ፣ ተጫዋቹን አስፈቅደው ይሞክሩ።

7. ስክሪኑ ላይ አጉልተው የኮፍያውን ጠርዝና ዓይኑን ይዩ። እነሱ ከደበዘዙ ሹተሩን አንድ እርከን ያፍጥኑ። ፊቱ ደህና ሆኖ የዱላው ዱካ ከሳሳ ግን ፍጥነቱን አይንኩ፤ ትራይፖዱን አንስተው ጨለማው ከዱላው ኋላ እስኪመጣ ቦታ ይቀይሩ።