የኦማሃዋ አንድ ድምፅ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ አንድ ግዛት የፕሬዚዳንት ምርጫ (የኤሌክቶራል ኮሌጅ) ድምፆቹን የሚያከፋፍልበትን መንገድ በራሱ መለወጥ ይችላል? ምርጫው ደርሶ ሳለስ?

መልስ፦ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 2 ሥልጣኑን የሰጠው ለየግዛቱ ምክር ቤት ነው። የፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው አዲሱ ደንብ ከምርጫው ቀን በፊት እንዲጸድቅ ነው። 48ቱ ግዛቶች ሁሉንም ድምፅ ለአሸናፊው ይሰጣሉ፤ ሜይንና ነብራስካ ግን ሁለቱን ለግዛቱ አሸናፊ፣ የቀረውን በየኮንግረስ ወረዳው ላሸነፈ።

ነብራስካ ያላት 5 ድምፅ ነው። የሪፐብሊካን ግዛት ብትሆንም የኦማሃ ከተማ ወረዳ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለኦባማ፣ በ2020 ለባይደን፣ በ2024 ለሃሪስ ሄዷል። በ2024 ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት ሪፐብሊካኖች ደንቡን ሊቀይሩ ተነሱ። ከ49 የምክር ቤት አባላት ግን የ33 ድጋፍ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ከዴሞክራት ወደ ሪፐብሊካን የተሻገሩት የኦማሃው ማይክ ማክዶኔል እምቢ አሉ፤ ነገሩ እዚያው ቆመ። በእኔ እምነት ትክክል ነበሩ፤ ሕግ መለወጥ መብት ቢሆንም፣ ሕዝብ ዘመቻውን ሲከታተል ከርሞ ሊመርጥ ሲል መቀየር መራጩን መናቅ ነው።

የወረዳው አሠራርም ቢሆን እንከን አለበት፦ የኮንግረስ ወረዳዎችን ድንበር በአብዛኛው የሚያሰምሩት ራሳቸው ፖለቲከኞቹ ናቸው።