ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት ሲወጣ

ጉንጭ ወይም ክንድ ላይ አንድ እብጠት ብቅ ይላል። አያምም፣ አያሳክክም፣ ሥራም አያስፈታም። ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሽታን የምንመዝነው በሕመሙ ነውና። ቆዳ ላይ ግን ይህ ሚዛን ክፉኛ ያሳስታል። ብጉንጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቃስት አድሮ ፈርጦ ይድናል። ቁንጭር ግን ምንም ሳያም ለወራት እያደገ የዕድሜ ልክ ጠባሳ ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

ቁንጭርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝም የምታንስ በራሪ ናት። በአገራችን ከፍታማ ቦታዎች፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና ዋሻ አካባቢ ትገኛለች። እብጠቱ የሚታየው ንክሻው ከተረሳ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ለሚመረምርዎ ሐኪም «ከጥቂት ወራት በፊት ገደል አፋፍ ያለ መንደር ዘመድ ጋ ሰንብቼ ነበር» ማለትዎ ትልቅ ፍንጭ ነው። ዓይን ብቻውን ቁንጭርን ከሥጋ ደዌ ወይም ከሌላ የቆዳ በሽታ ጋር ሊያምታታ ይችላል። ከእብጠቱ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቁንጭርን የሚያመጣው ተውሳክ ሊገኝ ይችላል።

ከምርመራ በፊት አይንኩት የምልዎ ለዚህ ነው። በጋለ ብረት የተተኮሰ ወይም ቅጠል ተለጥፎበት የቆሰለ እብጠት መልኩ ይጠፋል፤ ሐኪሙም የሚያየው ቃጠሎውን ነው። ያለ ማዘዣ የሚገዛ የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ለጊዜው ያከስመውና ከሥር ያለውን ኢንፌክሽን ሊያባብስ ይችላል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ጸበሉንም ሕክምናውንም ጎን ለጎን መያዝ ይችላል። የሚጎዳው አንዱ እስኪያልቅ ብሎ ሌላውን ማዘግየት ነው።

ቀጠሮው እስኪደርስ በየሳምንቱ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ማደግ አለማደጉ በዚያ ይለያል። የቀባቡትን ሁሉ ሳያፍሩ ይንገሩ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት እንደ ልብ ስለማይታይ «ቀልቷል ወይ?» ቢባሉ መሞቁንና መጠጠሩን ጨምረው ይመልሱ።

ከቆዳ ሥር ያለ፣ ሲጫኑት የሚንሸራተት ለስላሳ እብጠት ብዙውን ጊዜ የስብ ክምችት ነውና አያስደነግጥም። የማይታገሡት ግን አለ። አንገት ላይ ወጥቶ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ንፍፊት፣ በተለይ የማታ ትኩሳት፣ ላብና መክሳት ከተከተሉት፣ ለቲቢ መመርመር አለበት። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይይዝም፤ የንፍፊቱም ዓይነት ብዙ ጊዜ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል። ውስጥ እግር ላይ ወይም ጥፍር ሥር እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክትም ቀጠሮ አይሰጠውም። ትኩሳት ያለው፣ በሰዓታት ውስጥ የሚስፋፋ እብጠት ደግሞ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ሐኪሙ ናሙና ልውሰድ ካለ አይሽሹ። «ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ሊድን በሚችል በሽታ ዘግይቶ እንዲመጣ ያደርጋል፤ ካንሰርን የሚያስፋፋው ግን ያለ ሕክምና መቆየቱ ነው። ከክፍሉ ሳይወጡ ውጤቱ መቼና የት እንደሚደርስ ይጠይቁ፣ የናሙናውን ቁጥር ይያዙ፤ በተባለው ቀን ካልደረሰ ራስዎ ሄደው ያፈላልጉት።